ግድግዳው ቢጎዳ ማን ይከፍላል? የታዘዘ የግድግዳ ሥዕልና ያልታየው የመድን ክፍተት

በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በአዳማ ሆቴሎች፣ ካፌዎችና ትምህርት ቤቶች ግድግዳቸውን ለሠዓሊ መስጠት ለምደዋል። በመዲናዋ የኮሪደር ልማት ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሕንፃ ፊት እንዴት ይታይ የሚለው ነገር የብዙ ባለ ሕንፃ ራስ ምታት ሆኗል። ሥራው እያደገ ውሉ ግን ባለበት ነው። አብዛኛው ውል አንድ ገጽ ሲሆን የሥዕሉን ስፋት፣ ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን ይናገራል። በሥራው መሀል አንድ ነገር ቢሰበር፣ ቢበላሽ ወይም ቢቃጠል ማን እንደሚከፍል የሚል መስመር አይገኝበትም። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ ነገሩ በጉልበት ያልቃል። አሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ ይይዛል፣ ሠዓሊውም ፍርድ ቤት መመላለሱን ሲያስበው ይተወዋል።

አሁን አሁን አንዳንድ ትልልቅ አሠሪዎች መፍትሔ ያገኙ መስሏቸው በውሉ ላይ «ሠዓሊው የመድን ሽፋን ይኖረዋል» የሚል ሐረግ ይጨምራሉ። በእኔ እምነት ይህ ሐረግ ብቻውን ሁለቱንም ወገን ያታልላል። ሠዓሊው ሄዶ የሚገዛው የተለመደው የኃላፊነት መድን፣ ማለትም በሌሎች ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍልለት መድን፣ ብዙውን ጊዜ ከሽፋን ውጭ የሚያደርገው የሚስልበትን ግድግዳ ራሱን ነው። የሕንፃን ጉዳት በቀላሉ መሸከም የሚችለው ሕንፃው ያለው ሰው እንጂ ብሩሽ ይዞ የመጣው ሰው አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንድ ሆቴል የባለ አራት ፎቅ ሕንፃውን ጎን ለሠዓሊ ሰጠ እንበል። ዋጋው 600,000 ብር ነው፤ 40 በመቶው ቅድሚያ፣ ቀሪው ሲያልቅ ይከፈላል። ሠዓሊው ከሁለት ረዳቶች ጋር የብረት መወጣጫ ተከራይቶ አቆመ፤ እንዳይወዛወዝም ግድግዳውን በድሪል እየበሱ በብሎን አሰሩት። አንድ ቀን ከላይ የተለቀቀ ቧንቧ የጎረቤት ሱቅ መስታወት ሰበረ። ሌላ ቀን በመርጫ የሚነፋውን ቀለም ንፋስ ወስዶ ግቢው ውስጥ በቆሙ ሦስት መኪኖች ላይ አሳረፈው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሥዕሉ አለቀ፣ መወጣጫው ተነሣ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ተደፍነው ተቀቡበት። ስቱኮው ለውስጥ ግድግዳ የተሠራ ነበርና የውጭ ዝናብ አልቻለም። ሐምሌ ሲገባ በሦስተኛው ፎቅ የሁለት ክፍሎች የጂብሰም ኮርኒስ ረጠበ፣ ግድግዳው አበጠ፣ ክፍሎቹም ለእንግዳ የማይሰጡ ሆኑ።

እዚህ ላይ አራት የተለያዩ ጉዳቶች አሉ፦ መስታወቱ፣ መኪኖቹ፣ የግድግዳው ቀዳዳዎችና የክፍሎቹ መርጠብ። ሰው ሁሉንም «ሠዓሊው ያደረሰው ጉዳት» ብሎ በአንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል፤ በሕግም በመድንም ግን መንገዳቸው ይለያያል።

መስታወቱና መኪኖቹ ከውሉ ውጭ ያሉ ሰዎች ንብረት ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይካስ ይላል። ቧንቧውን የለቀቀው ረዳቱ ቢሆንም ቁጥር 2130 ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ስለሚያደርግ የሱቁ ባለቤት ሠዓሊውን መጠየቅ ይችላል። ሆቴሉስ? ቁጥር 2134 እንደሚለው ሥራ ያዘዘ ሰው፣ ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ በእርሱ ሥልጣን ሥር ካልሆነና ነፃነቱን ይዞ የሚሠራ ከሆነ፣ ለባለሙያው ጥፋት ኃላፊ አይሆንም። ሠዓሊ በመደበኛው አሠራር እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው። ነገር ግን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በየቀኑ እየመጣ «መወጣጫውን ወደዚህ አዙሩት፣ ዛሬ በመርጫ ጨርሱት» እያለ ሲያዝዝ ከዋለ የሠዓሊው ነፃነት አጠያያቂ ይሆናል፤ ኃላፊነቱም ወደ ሆቴሉ ሊያዘነብል ይችላል። ይህን ብዙ አሠሪ አያውቀውም። ተጎጂው ከውል ውጭ ያለውን ክስ ማቅረብ ያለበት ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑ በቁጥር 2143 ተቀምጧል።

ቀዳዳዎቹና የረጠቡት ክፍሎች የሆቴሉ ናቸው፤ በሆቴሉና በሠዓሊው መካከል ደግሞ ውል አለ። ስለዚህ ጥያቄው በውሉ ይዳኛል። በቁጥር 2610 ትርጉም ሠዓሊው የገባው ግዴታ በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ማምጣት ነው። ውጤቱ ሥዕሉ ብቻ ነው ወይስ ዝናብ የማያስገባ ግድግዳ መልሶ ማስረከብም ይጨምራል? ውሉ ዝም ካለ ዳኛው በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱ ለማን እንደሚያደላ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ወደ መድን እንሂድ። ሠዓሊው የሕዝብ ኃላፊነት መድን ገዝቶ ነበር እንበል። ለመስታወቱ የመድን ድርጅቱ ይከፍላል፤ ሠዓሊው ከራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ የሚባለውን ድርሻ ብቻ ነው። ለመኪኖቹም በመርህ ደረጃ ይከፍላል፤ ሆኖም በንፋስ የተወሰደ ቀለምን በስም ጠቅሶ የማይሸፍን ወይም ከፍ ያለ ተቀናሽ የሚጥል ፖሊሲ (የመድን ውል) ስላለ በመርጫ የሚሠራ ሠዓሊ ከመፈረሙ በፊት ይህን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። ወደ ግድግዳው ስንመጣ ግን በሩ ይዘጋል። የኃላፊነት ፖሊሲዎች መድን ገቢው (መድኑን የገባው ሰው) በእጁ፣ በጥበቃውና በቁጥጥሩ ሥር ባደረገው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍሉም። ሠዓሊው እየሠራበት ያለው ግድግዳ ከዚህ በላይ በእጁ ሊሆን አይችልም።

ትልልቅ አሠሪዎች የሚጠይቁት የሥራ ተቋራጭ ሁሉን አቀፍ መድንም ከዚህ አይሻልም። በብዙ አገር እንደ መነሻ የሚያገለግለው የጀርመኑ የመድን ድርጅት የሙኒክ ሪ ቅጽ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው እየተሠራ ላለው ሥራ ራሱ፣ ሁለተኛው ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ነው። ሁለተኛው ክፍል በተቋራጩ ቁጥጥር ሥር ያለውን ብቻ ሳይሆን የአሠሪውን ንብረትም ከሽፋን ያወጣል። በምሳሌያችን መሠረት እንግዲህ ቀዳዳዎቹም ክፍሎቹም ውጭ ቀሩ ማለት ነው። «ሁሉን አቀፍ» የሚለውን ስም አይቶ የተረጋጋ ሰው ይህን የሚያውቀው ካሳ ሲጠይቅ ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። የመድን ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሲረከብ ያበቃል። ክፍሎቹ የረጠቡት ሐምሌ ላይ ነው፤ ርክክቡ ግን ግንቦት ነበር። ከርክክብ በኋላ ያለውን ወቅት የሚሸፍን የጥገና ጊዜ ማሟያ (በዋናው ፖሊሲ ላይ የሚታከል ተጨማሪ ሽፋን) ካልተገዛ፣ የአገራችን ክረምት የሥዕሉን ጉድለት ሲያወጣው ፖሊሲው አልቋል። ለዚህ ነው በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጀመር የውጭ ግድግዳ ሥራ ሽፋኑ ቢያንስ እስከ መስከረም መዝለቅ አለበት የምለው።

መድን በጭራሽ የማይከፍልበትን ነገርም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጥፎ የተደፈነን ቀዳዳ እንደገና በደንብ መድፈን የሠዓሊው የራሱ ወጪ ነው፤ የትኛውም ፖሊሲ የተበላሸ ሥራን አያርምም። በዚያ ቀዳዳ የገባው ውኃ ያበላሸው ኮርኒስ ግን መዘዙ ነው፤ መዘዙ ተገቢው ማሟያ ካለ ሊካስ ይችላል። ካሳ ሲጠየቅ ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ አጠቃሎ ማቅረብ ሙሉ ጥያቄውን ጥርጣሬ ላይ ይጥለዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሽፋኑን አሠሪው ይግዛ፤ ሠዓሊውም በስሙ ይግባበት። የሙኒክ ሪ ቅጽ ቁጥር 119 የተባለ ማሟያ አለው፤ ቀድሞ የነበረን ሕንፃና በመድን ገቢው ቁጥጥር ሥር ያለን ንብረት ወደ ሽፋኑ የሚመልስ ነው። የመድን ቤቱን ሠራተኛ ወይም ደላላውን «ነባሩን ሕንፃ የሚያስገባውን ማሟያ እፈልጋለሁ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን የሕንፃውን ዋጋ ከሚያውቀውና ከሥዕሉ ለዓመታት ከሚጠቀመው ሰው ኪስ ቢወጣ ተገቢ ነው።

አሠሪው ይህን ባይፈልግ እንኳ አንድ ፊርማ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ማድረግ ይችላል። ሆቴሉ ለሕንፃው የእሳት ወይም ሰፋ ያለ የንብረት መድን አለው እንበል። ከሠዓሊው ቲነር እሳት ተነሥቶ አንድ ክፍል ቢቃጠል የመድን ድርጅቱ ለሆቴሉ ይከፍላል። ቀጥሎ ግን በንግድ ሕጉ ቁጥር 683 መሠረት በሆቴሉ እግር ተተክቶ ሠዓሊውን ይከሳል። በሕግ ሰዎች ዘንድ የመዳረግ መብት የሚባለው ይህ ነው። ሆቴሉ «አይዞህ፣ እኛ መድን አለን» ብሎ ያጽናናው ሠዓሊ ከወራት በኋላ በማያውቀው ድርጅት የተከሰሰበት ማዘዣ ይደርሰዋል። ይህ እንዳይሆን ሆቴሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመድን ድርጅቱን በሠዓሊውና በረዳቶቹ ላይ ያለውን መብት እንዲተው በጽሑፍ ማስፈቀድ ይችላል። ሆን ተብሎ የሚደርስ ጉዳት አይካተትም፤ መካተትም የለበትም። መድን ድርጅቱ ሳያውቅ ሆቴሉ ብቻውን «አንጠይቅህም» ብሎ ከፈረመ ግን የራሱን ካሳ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላልና ስምምነቱ የሦስቱም መሆን አለበት። ለወራት በመወጣጫ የሚታጠር ሕንፃ የአደጋ ሁኔታው ስለሚለወጥ ለመድን ድርጅቱ ማሳወቁ በራሱም ግዴታ ነው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲሻሻል የመድን ክፍሉ ሳይነካ መቅረቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። «ሕጉ ተሽሯል» እየተባለ የሚወራው ለመድን አይሠራም።

በውጭ አገር ለሚሠሩ ሠዓሊዎቻችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የከተማ አስተዳደሮችና ትልልቅ ባለ ሕንፃዎች ከሠዓሊ በብዛት የሚጠይቁት ለአንድ አደጋ የ1 ሚሊዮን ዶላር የንግድ ጠቅላላ ኃላፊነት መድን ነው። ሠዓሊው ፖሊሲውን ይገዛል፣ ምስክር ወረቀቱን ይልካል፣ ሁሉም ይረጋጋል። የዚያ አገር መደበኛ ፖሊሲም ቢሆን መድን ገቢው ሥራ እያከናወነበት ባለው የሕንፃ ክፍል ላይ በዚያው ሥራ ምክንያት የሚደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም። ምስክር ወረቀቱ ፖሊሲ መኖሩን ያሳያል እንጂ አዲስ መብት አይሰጥም፤ ባለ ሕንፃው በፖሊሲው መጠቀም ከፈለገ በተጨማሪ መድን ገቢነት በስሙ መመዝገብ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ለአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ የሚስል ወገናችን እና በአዲስ አበባ ያለው የሙያ ባልደረባው የሚወድቁበት ጉድጓድ አንድ ነው።

ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ክርክርን የሚያስቀረው ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የግድግዳው ሁኔታ መመዝገቡ ነው። ቁጥር 119 ማሟያ ራሱ ሽፋን የሚሰጠው ሕንፃው ከሥራው በፊት ጤነኛ ከነበረና አስፈላጊው ጥንቃቄ ከተደረገ ነው፤ ጤነኛ መሆኑን ያላስመዘገበ ሰው በኋላ ማስረዳት ይከብደዋል። ምዝገባው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግድግዳው ከሩቅ በሙሉ፣ ከዚያም ስንጥቅ ባለበት ሁሉ ሜትር ተጠግቶበት ፎቶ ይነሣል። ልስኑ በጣት መገጣጠሚያ እየተንኳኳ ይሄዳል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከግንቡ የተላቀቀ ስለሆነ በጠመኔ ይከበባል፣ ፎቶም ይነሣል። ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው የወጣበት ቦታ ውኃ ከውስጥ እየመጣ መሆኑን ይናገራል። ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ በአራቱም ጎኑ በፕላስተር ታሽጎ ያድራል፤ ጠዋት ሲገለጥ ከውስጡ ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና አልደረቀም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ወደ 28 ቀን ገደማ ይጠበቃል። የክፍሎቹ ውስጠኛ ግድግዳና ኮርኒስ መነሣቱ አይረሳ፤ ብዙ ሰው የሚያነሣው የውጩን ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን እያንዳንዱን ገጽ ይፈርማሉ።

ይህ ሰነድ በተለይ ለሠዓሊው ጋሻ ነው። ሥዕል ከተሳለበት ከሁለት ዓመት በኋላ ቀለሙ መፋቅ ሲጀምር ጣት የሚቀሰረው ወደ እርሱ ነውና። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ከሰገነት የሚያንጠባጥብ አሸንዳ ወይም ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት ግድግዳውን ሲያረጥበው፣ ከላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ወይም ቫርኒሽ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ከዚያ ያብጣል፣ ይላጣል። መነሻው የሕንፃው ነው፣ ያባባሰው ቀለሙ ነው። ያለ ቅድመ ምዝገባ ይህን ማን ይለያል?

አባቶቻችን ግድግዳን ሳይጎዱ መሳልን ያውቁበት ነበር። በጎንደር ዘመንና ከዚያ ወዲህ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ ነበር። ዛሬም አንዳንድ የግድግዳ ሠዓሊዎች ዋናውን ሥራ በስቱዲዮ በስስ ጨርቅ ላይ ሠርተው በቦታው ይለጥፉታል። መወጣጫው ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆማል፣ የሚረጭ ቀለም አይኖርም። ስለ ጉዳት ለሚጨነቅ አሠሪ ይህን አማራጭ ማቅረብ ከብዙ የውል አንቀጽ ይሻላል።

ግድግዳው የማን እንደሆነ ማረጋገጥም አለ። ካፌው ተከራይ ከሆነ ሥዕሉን ያዘዘው ሌላ፣ የሚጎዳው ንብረት የሌላ ነው፤ ባለቤቱም ከሠዓሊው ጋር ውል የለውም። በኮንዶሚኒየም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ከቤቶቹ ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ንብረት ስለሆነ የአንድ ነዋሪ ፈቃድ አይበቃም። ሠዓሊው የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ሳያይ አንድ ቀዳዳ እንኳ መብሳት የለበትም።

ስለ ረዳቶቹ ባጭሩ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የሕዝብ ኃላፊነት መድን የራስን ሠራተኛ ስለማይሸፍን ከመወጣጫ ለሚወድቅ ረዳት የሠራተኛ ጉዳት ካሳ መድን ለብቻው ይገዛል። ይህ ሊታለፍ የማይገባው ወጪ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሕንፃው ነው፤ ሥዕሉም ግን ንብረት ነው፣ ከዚያም በላይ ነው። ሳይረከብ በዝናብ ቢታጠብ ወይም ቢቃጠል ኪሳራው የማን እንደሆነ ውሉ ይናገር። ከተረከበ በኋላስ? አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊው ክብሩን ወይም ዝናውን የሚነካ የሥራውን መዛባት፣ መቆራረጥና መለወጥ እንዲቃወም የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትን ግን በግልጽ አይጠቅስም። በኒውዮርክ ኩዊንስ የነበረው፣ በግድግዳ ሥዕሎች የተሸፈነው የፋይቭ ፖይንትዝ ሕንፃ ባለቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹን ያለ ማስጠንቀቂያ በነጭ ቀለም ሲያስቀባቸው፣ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች፣ ለ45 ሥራዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ ይግባኙም በ2020 ጸና። መሠረቱ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ የዕይታ ጥበብ ሠዓሊዎች መብት ሕግ ነበር። እኛ ጋ ይህን ያህል ግልጽ ሕግ እስኪኖር ድረስ ውሉ ሥራውን ይሥራ፦ ግድግዳው ሲጠገን ሥዕሉን የማደስ የመጀመሪያ ዕድል በተስማሙበት የቀን ዋጋ ለሠዓሊው ይሰጥ፤ ከመጥፋቱ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው።

ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው። የንግድ ሕጉ መድን ገቢው አደጋውን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ የካሳ ክስ የሚቀርበውም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ብዙ ሠዓሊ በሐዘኔታ ወዲያው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ ወረቀት ይፈርማል። መድን ካለው ይህን ከማድረጉ በፊት ለመድን ድርጅቱ ይንገር፤ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነትን ማመን ሽፋኑን ሊያሳጣው ይችላል። አሠሪውም የጉዳት ገማች ሳያየው የረጠበውን ኮርኒስ አፍርሶ አይጣል። ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስ ቀዳዳውን በላስቲክ መሸፈን፣ ዕቃውን ማውጣት ግን ይፈቀዳል፤ ይጠበቅበታልም።

የመጨረሻውን ክፍያ በተመለከተ በውሉ ልክ ይበጅለት። አሠሪው ለጉዳት ብሎ የሚይዘው ገንዘብ ከአጠቃላይ ዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ጉዳቱ ከዚያ በላይ ከሆነም ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበት መሐንዲስ በጽሑፍ ከገመተው የጥገና ዋጋ እንዳያልፍ ይጻፍ። ግምቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልቀረበ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቅ። ከመድን የሚገኘው ካሳ ሲከፈልም ለዚያው ጉዳት የተያዘው ለሠዓሊው ይመለስ፤ የሚቀረው ተቀናሹ ብቻ ይሁን፣ እርሱንም ማን እንደሚሸፍን ከመጀመሪያው ቀን ይፈረምበት።